ሕክምናን ውጭ ተምሮ ሬዚደንሲን አገር ቤት?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። "ዶክተር፣ ለልጁ ቻይና የሕክምና ትምህርት ተገኝቶለታል፤ ምን ይመክሩናል?" ይላል አንዱ አባት። ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ለኤጀንቱ ቀብድ ተከፍሏል፣ ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ የቀረው የእኔ ምርቃት ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ቀደም ብዬ ልጻፍ አልኩ። የምጽፈውም ለአባቶች ሳይሆን ለእናንተ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለምትማሩት ልጆች ነው።

እናንተ የምትጠይቁኝ ስለ መጀመሪያው ዲግሪ ነው፦ ክፍያው ስንት ነው፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ወይ፣ ዶርም አለው ወይ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ስፔሻላይዝ የምታደርጉት የት እንደሆነ ነው። በእኛ ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ዕድሜ ልክ መሥራት ያስከብር ነበር። የተመረቀ ሁሉ ዕጣ ያወጣል፣ ዕጣው ወደ ጣለው ወረዳ ይሄዳል፣ ሥራ ፍለጋ የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) እዚሁ ጎንደር ውስጥ ታውቃላችሁ። ምደባው እንደ ድሮው ስላልሆነ ግፊያው ሁሉ ወደ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ወደ ስፔሻሊስትነት ሥልጠና በር ዞሯል።

በሩ እንዴት እንደሚከፈት ልንገራችሁ። ሬዚደንሲ የሚገባው በጤና ሚኒስቴር በኩል በሚሰጥ አገር አቀፍ ፈተና ነው። ተወዳዳሪው የሚፈልገውን የስፔሻሊቲ ዘርፍና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ከዚያ በውጤቱ ይመደባል። ስፖንሰር ያደረገው ክልል ወይም ተቋም ካለ ሲጨርስ የአገልግሎት ግዴታ ይጠብቀዋል። ከውጭ የተመረቀው ልጅ እዚህ ወረፋ ላይ ከመቆሙ በፊት ሌላ ወረፋ አለበት፦ ዲፕሎማውን በተማረበት አገርና በውጭ ጉዳይ ማረጋገጥ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት (ዲግሪው ከአገር ውስጡ እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት) ማግኘት፣ የብቃት ምዘና ፈተና ወስዶ የሙያ ፈቃድ ማውጣት። አንዷ ማኅተም ከጎደለች ዘመዶች ከአዲስ አበባ እየደወሉ "ነገ ተመለሱ ተባልን" ሲሉ መክረም ነው። አብሮት ማትሪክ የወሰደው ጓደኛው በዚህ መካከል ጤና ጣቢያ ገብቶ እጁን እያፍታታ፣ ለፈተናው እያጠና ነው።

ይሁንና ወረቀቱ ቢዘገይም ያልቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ከውጭ የተመረቀ ልጅ በዋርዳችን (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ይሠራ ነበር። ጎበዝ ነው፣ መጽሐፉን ከእኔ በተሻለ ያስታውሳል። መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ የበለሳ ጎልማሳ ተኝቷል፤ ትኩሳቱ ከሳምንታት በላይ የቆየ፣ ሰውነቱ የከሳ፣ ሆዱ የተነፋ። ልጁ እጁን በቀጥታ ከግራ ጎድኑ ሥር አስገባና ጥቂት ፈልጎ "ጣፊያው አይዳሰስም" አለ። አጠገቡ የቆመችው የእኛ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ፈቃድ ጠይቃ ከቀኝ ብሽሽቱ በላይ ጀመረች። "አባቴ፣ በደንብ ይተንፍሱ" እያለች፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ እጇን ትንሽ ትንሽ ከፍ ታደርጋለች። ያበጠውን ጣፊያ ጠርዝ ከእምብርቱ በታች አገኘችው። ልጁ እጁን ያሳረፈው ጣፊያው ራሱ ላይ ስለነበር ጠርዙን ሊያገኘው አይችልም ነበር። ሰውየው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ) ነበረበት።

ኢንተርኗ በትምህርት አትበልጠውም። ነገር ግን ሲ-ዋን (ሆስፒታል ውስጥ መማር የሚጀመርበት ዓመት) ላይ እያለች ከመተማና ከሁመራ የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች፣ ከደንቢያ የሚመጣውን ወባ ደጋግማ ዳስሳለች። ልጁን ቆይቼ ሳጫውተው፣ በተማረበት አገር ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ፣ ሕመምተኛው ግን እሱ በማያውቀው ቋንቋ የሚያወራ ነበር። ራውንድ (አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ሕሙማንን ሲያዩ) ላይ የሚቆመው ከኋላ ነው። ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) የሚወስዱት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ እሱ ከእነሱ ይገለብጣል። ፈተናውን አለፈ፣ ዲግሪውን ያዘ፣ ያልነካውን ግን ማን ይስጠው?

"ድሮ ሶቪየት ኅብረትና ኩባ የተማሩት ጎበዝ ሐኪሞች አልነበሩም ወይ?" ትሉኛላችሁ። ነበሩ፤ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። እነሱ ግን መጀመሪያ ቋንቋውን እንዲማሩ ይደረግ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአገሩ ልጆች እኩል ሩሲያዊቷን አሮጊት ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ ራሳቸው ይዳስሳሉ። "ቋንቋ መማር አያስፈልግም፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ለእናንተ ማቅለያ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ የማየው ሕመምተኛ ሳይነኩ መመረቂያ መንገድ ነው።

ይህች ከተማ ደግሞ ለሕክምና ትምህርት እንግዳ አይደለችም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሱና ሳኒታሪያኑ እዚህ አብረው ተምረው ገጠር በቡድን ይወጡ ነበር፤ ቲም ትሬኒንግ የምትሉት ከዚያ የመጣ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመር ከላይፕዚግ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ ድረስ መጥተው አስተምረዋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም (ጎንደሬ ስለ ጎንደር ሲያወራ ጉራ አይቀርም፣ እሱን እለፉት)። የውጭው ዕውቀት እዚሁ አልጋው አጠገብ ሲመጣና እናንተ ወደ እሱ ስትሄዱ ልዩነት እንዳለው ለማሳየት ነው።

ከዚያ በላይ ያለ አደጋም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ቻይና በሯን ስትዘጋ፣ ለእረፍት የወጡ ተማሪዎች ዋርድ ውስጥ መሆን የሚገባቸውን ጊዜ ቤታቸው ላፕቶፕ ላይ አሳለፉት። በ2022 የካቲት የዩክሬን፣ በ2023 ሚያዝያ የካርቱም ጦርነት መጣ። ከካርቱም በመተማ በኩል ሻንጣ እንኳ ሳይዙ የወጡትን ከእኛ የበለጠ ያየ የለም። ትራንስክሪፕቱ የተቃጠለ ሕንፃ ውስጥ የቀረ ተማሪ ምን አቻ ግምት ይጠይቃል?

እዚህስ ሰላም አለ ወይ ብትሉኝ አልዋሻችሁም። ወላጆች ልጃቸውን የሚልኩት ስለ ትምህርት ጥራት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መንገዱ ሲዘጋ፣ ካምፓሱ ሲስተጓጎል አይተው ነው። የሐኪም ደመወዝም የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው ታውቃላችሁ፤ በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያው ያነሳው ጥያቄ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ልጄን ከዚህ ላውጣ የሚል አባት ላይ አልፈርድም።

ግን እንግዲያው ሐሳባችሁን በግልጽ ተናገሩ። ላትመለሱ ከሆነ የምትሄዱት፣ ሬዚደንሲ ልትገቡበት ወደምትችሉበት አገር፣ ቋንቋውን ተምራችሁ ሂዱ። ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተማረን ሐኪም በሕክምና ጀርመንኛ ይፈትነዋል፤ ትምህርቱ አቻ አይደለም ካለችው የዕውቀት ፈተናም ትጨምርለታለች። አሜሪካ ዩኤስኤምኤልኢውን (የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና) አልፎ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ውጤቱ በሚነገረው ማች (የሬዚደንሲ ምደባ) መመረጥ ያስፈልጋል። ሁለቱም በሮች ከጎንደር ለተመረቀም ክፍት ናቸው፤ ገብተውባቸው ያለፉ ተማሪዎች አሉኝ። ሦስተኛ አገር ሄዶ መማር እነዚህን ፈተናዎች አያስቀርም።

ልትመለሱ ከሆነ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ እዚህ ሕክምና የመግባት ዕድል ካገኛችሁ እዚሁ ተማሩ፣ ሬዚደንሲውንም እዚሁ ግቡ፣ ውጭውን ለፌሎውሺፕ (ከስፔሻሊስትነት በኋላ ለሚወሰድ ሥልጠና) አቆዩት። ኩላሊትም ሆነ ልብ፣ ካንሰርም ሆነ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና፣ እጃችሁ ከተፈታ በኋላ ውጭ ሄዳችሁ በአጭር ጊዜ የምታመጡት ነገር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆናችሁ ሄዳችሁ ከምታመጡት ይበልጣል። እዚህ ዕድሉን ያላገኘና ስኮላርሺፕ የደረሰው ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሱን ሂድ እለዋለሁ፤ ቤት ተሸጦ ከሆነ ግን ሁለቴ ይታሰብ።

ለመሄድ የቆረጠ በጽሑፍ መልስ ያግኝ። ስድስተኛው ዓመት ኢንተርንሺፕ ነው ወይስ ጉብኝት? በየትኛው ሆስፒታል? ተማሪው ራሱ ያዋልዳል ወይስ ቆሞ ያያል? ስመለስ የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ለአቻ ግምቱ ይጠየቃል ወይ? የመጨረሻውን የምትጠይቁት ባለሥልጣኑን ነው። ኤጀንቱ "ችግር የለም" ቢላችሁ የከፈላችሁትን ገንዘብ አስታውሱ።

አሁን ውጭ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ላላችሁ፣ ትምህርቱን አቋርጡ አልልም። በየክረምቱ ስትመጡ ግን ፒያሳ ቡና እየጠጣችሁ አትክረሙ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ደብዳቤ አስይዛችሁ ሆስፒታሉን አታችመንት (ገብቶ የመለማመድ ዕድል) ጠይቁ፤ ሌሊት ዲዩቲ ከኢንተርኖቹ ጋር ግቡ፣ የሠራችሁትን ሎግ ቡክ ላይ ሲኒየር እንዲፈርምበት አድርጉ። ኢንተርኖቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው የሚረዳቸው ሰው አይገፉም። ጋወንና ስቴቶስኮፕ ይዛችሁ ኑ፤ ጓንትም ከቻላችሁ የራሳችሁን አንድ ካርቶን ብትይዙ ጥሩ ነው፣ ማታ ማታ ያልቃል።