የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሦስት ቀን በሐዋሳና በዙሪያዋ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። በመጪው የትምህርት ቤት ዕረፍት ሁለት ልጆቼንና ዕድሜያቸው የገፋ እናቴን ይዤ ሐዋሳ ሦስት ቀን ለመቆየት አስቤአለሁ። እናቴ ብዙ መራመድ አይችሉም፤ ልጆቼ ደግሞ ከወዲሁ የሚያወሩት ስለ ዋናና ስለ ጉማሬ ብቻ ነው። የትኛውን ባስቀድም፣ የትኛውንስ ብተወው ይሻላል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሐዋሳ ላይ ከቦታ ምርጫ የሰዓት ምርጫ ይበልጣል። ሐይቁ ማለዳ ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ማዕበሉም ይነሣል። ስለዚህ ሁለቱን ማለዳዎች ለሐይቁ ይስጡ፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ማለዳ የአሞራ ገደል ይሁን። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሌሊቱን ያደረውን መረብ ሰብስበው ጀልባቸውን ወደ ዳር የሚያስጠጉት በዚህ ሰዓት ስለሆነ፣ ቆሮሶውና አምባዛው ሲራገፍ፣ ሲገፈፍና ሲሸጥ፣ አባ ኮዳዎቹም ራሰ በራ አንገታቸውን ቀብረው ትርፍራፊውን ሲጠብቁ በአንድ ቦታ ቆሞ ማየት ይቻላል። እናትዎ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ሊያዩ ስለሚችሉ፣ ለእርሳቸው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ የሚበሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለልጆችና ለአረጋዊት እናት ግን ጥብሱንና ሾርባውን እመክራለሁ። ጦጣዎቹን እባክዎ አትመግቧቸው። ከሰው እጅ መቀበል የለመደች ጦጣ ነገ ከሌላ ሕፃን እጅ ትነጥቃለች፤ ብትነክስ ደግሞ ጉዳቱ ለልጁም ለእንስሳዋም ነው።

ሁለተኛውን ማለዳ ለጀልባ ጉዞ ያውሉት። ጉማሬዎቹ የሚታዩት በአብዛኛው ከከተማው ራቅ ብሎ በሰሜኑ በኩል፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አቅጣጫ ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋውንና የሚቆዩበትን ጊዜ ይስማሙ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን በምንም ዋጋ አይውጡ። ባለ ጀልባው «ጠጋ ልበልላችሁ» ቢልዎ እምቢ ይበሉ። ጉማሬ የረጋ ቢመስልም ግልገሏን የያዘች እናት ጀልባ ልትገለብጥ ትችላለች።

ስለ ዋናው ልጆቹን የሚያስከፋ መልስ መስጠት ግድ ይለኛል። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ባይኖረውም ውኃው ጨዋማ አይደለም፤ ከሥሩ እየሰረገ እንደሚወጣ ይታመናል። ውኃው ጨው አልባ መሆኑ ለዓሣው የተመቸውን ያህል፣ ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ተመችቶታል። ቀንድ አውጣው የሚኖረው ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ማለትም ልጆች ሊንቦጫረቁበት በሚወዱት ቦታ ላይ ነው። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ማየት ማስረጃ አይሆንም፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚሁ በሽታ ይቸገራሉ። ልጆችዎ በሆቴል መዋኛ ይዋኙ፤ አለዚያም ወደ አዳማ ስትመለሱ መንገድ ላይ ያለው ላንጋኖ ይጠብቃቸዋል። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ሆኖ ቢታይም ለዋና ሲመረጥ የኖረ ሐይቅ ነው።

ሦስተኛውን ቀን ከከተማው ውጭ ያሳልፉት። ብዙ ሰው የሚመርጠው ፍል ውኃውና ጫካው ያለበትን ወንዶ ገነትን ነው፤ ለእናትዎም ይስማማል። ከመነሣትዎ በፊት ግን መዋኛው ክፍት መሆኑን ደውለው ያረጋግጡ። እኔ ግን፣ ልጆች ስላሉ፣ ሰንቀሌን አስቀድማለሁ። ከሻሸመኔ ወደ ሀላባ በሚወስደው መንገድ አጄ ከተማ ሲደርሱ የሚገነጠለው ይህ የዱር እንስሳት መጠለያ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን ቀይ ዳማ ቆርኬ ለመጠበቅ የተቋቋመ ነው። ቆርኬው በሌሎች ጥቂት ቦታዎች ቢኖርም፣ እንደዚህ ሜዳ ላይ በመንጋ ሆኖ በቀላሉ የሚታይበት ስፍራ የለም። እናትዎም ከመኪና ሳይወርዱ ያዩታል። በዙሪያው እርሻና ከብት እየተስፋፋ የሚገፋው መሬት በመሆኑ፣ የጎብኚ መኖር ለጠባቂዎቹ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ እኔን ይህን ስፍራ አጥብቄ እንድመክር የሚያደርገኝም ይኸው ነው።

የታቦር ተራራ አጭር ቢሆንም ዳገቱ ይከብዳል። ፀሐይ ሲበርድ ልጆቹን ይዘው ቢወጡ ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ያያሉ፤ እናትዎ በዚያ ሰዓት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሻይ ይዘው ቢቀመጡ አይከፉም። የሚተውት ካለ አቢጃታ ሻላን ይተዉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚጠልቀውን ሻላን ለማየት ለብቻው አንድ ቀን ቢመድቡለት ይሻላል።

ከአዳማ ሲነሡ በሞጆ በኩል ወደ መቂና ባቱ ይታጠፉ እንጂ አዲስ አበባ መግባት አያስፈልግዎትም። ታኅሣሥ 19 አካባቢ ከሆነ ደግሞ የሐዋሳ ገብርኤልን ለማንገሥ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ስለሚጎርፍ፣ የእንግዳ ክፍል አስቀድመው ያስይዙ።

ጥያቄ፦ ከጎንደር የሚመጡ እንግዶች ፍቼ ጫምባላላን ማየት ይፈልጋሉ። ቀኑን በየትኛው ወር ልንገራቸው?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የተወሰነ ቀን ስለሌለው፣ እስኪታወጅ ድረስ የመጓጓዣ ትኬት እንዳይቆርጡ ይንገሯቸው። የሲዳማ አዲስ ዓመት የሚገባበትን ዕለት የሚወስኑት የከዋክብትን አካሄድ የሚከታተሉት አያንቶዎች ናቸው፤ ስለዚህም ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለያያል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው ቢበዛም፣ እንግዶችዎ የጉዱማሌውን አደባባይ ብቻ አይተው ቢመለሱ ግማሹ ይቀርባቸዋል። የሚያውቁት የሲዳማ ቤተሰብ ካለ በዋዜማው ምሽት እንዲጋበዙ ያመቻቹላቸው፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡሪሳሜ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ገበታ ዙሪያ ሆነው አብረው ይቁረሱ። ማግስቱን የሚያገኙትን ሁሉ «አይዴ ጫምባላላ» ብለው ሰላም ቢሉ ደስ ይሰኝባቸዋል።