መልስ፦ የክረምት ኳስ ስልጠና ከፍለን አሰልጣኙ ይቀራል

እህቴ፣ የሦስት ወር ቀድመሽ ከፍለሽ አሰልጣኙ በሳምንት ከሦስቱ ቀን አንዱን ብቻ ይመጣል ብለሻል። መጀመሪያ ደረሰኙን ፈልጊ፤ ከሌለ የባንክ ወይም የቴሌብር ማረጋገጫውን። ከዚያ የተሰጠውንና ሳይሰጥ የቀረውን ስልጠና በቀን በቀኑ ጻፊ። በሳምንት 3 ቀን ለ12 ሳምንት 36 ስልጠና ነው፤ ለምሳሌ 3,600 ብር ከከፈልሽ አንዱ 100 ብር ይመጣል። 14 ሳይሰጥ ከቀረ፣ ወይ 1,400 ብር ወይ 14 ማካካሻ ከነቀኑ ጠይቂ። በቃል አይሁን፤ አራት አምስት ወላጅ ሆናችሁ ለማሰልጠኛው ኃላፊ በጽሑፍ ላኩ። አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ ነው፣ ገንዘቡ እሱ ጋ የለም።

ችግሩ በአብዛኛው ሜዳው ነው። የራሳቸው ሜዳ የሌላቸው ማሰልጠኛዎች በሰዓት ይከራያሉ፤ የተሻለ ከፋይ ወይም ውድድር ሲመጣ የልጆቹ ሰዓት ይታጠፋል። አዲስ አበባ ላይ የክረምቱ ዝናብ ከሰዓት ስለሚበረታ የ10 ሰዓት ፕሮግራም ከጠዋት 2 ሰዓቱ ይልቅ ቶሎ ይሰረዛል፣ በተለይ አፈር ሜዳ ላይ።

ለሚቀጥለው በወር ብቻ ክፈዪ። ከመመዝገብሽ በፊት ሳትነግሪያቸው ሄደሽ አንድ ስልጠና እስከ መጨረሻው እዪ፦ ለ20 ልጅ 3 ኳስ ካለ ልጁ አብዛኛውን ሰዓት ተሰልፎ ነው የሚያሳልፈው። ከ8 እስከ 12 ዓመት 4 ቁጥር ኳስ ነው፤ የአዋቂውን 5 ቁጥር ከሰጧቸው ስለ ዕድሜያቸው አላሰቡም። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ላይሰንስ እንዳለው መጠየቅ ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀቱ ሰውየውን ሜዳ አያመጣውም። አሰልጣኙን «እርስዎ ሲቀሩ ማን ይተካል?» በዪው፤ ስም ካልጠራ ተተኪ የለውም።