የትንሽ ቢሮ ሰርቨር ሲቀየር፤ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቢሯችን 14 ኮምፒውተሮች አሉት። ሰርቨራችን ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ነው፤ አስቸግሮን አያውቅም። ለምን እንቀይረዋለን?

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሰርቨር የሚሰጠው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2023 አብቅቷል። ለተራዘመ ድጋፍ ካልከፈሉ በስተቀር ከዚያ ወዲህ የተገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች አይደፈኑለትም። የሠራተኛ ደመወዝና የደንበኛ ውል የተቀመጠበት ማሽን በዚህ ሁኔታ መቆየት የለበትም።

ጥያቄ፦ አዲሱን በአሮጌው ላይ ብጭነውስ?

መልስ፦ ሰርቨሩ ዶሜን ኮንትሮለር (የቢሮውን ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች በአንድነት የያዘውን ዶሜን የሚያስተዳድር ማሽን) ከሆነ አይሞክሩት። አዲስ ማሽን ጎን ለጎን ያቁሙ፤ ዶሜን ኮንትሮለር ያድርጉት፤ አምስቱን የኤፍኤስኤምኦ ሚናዎች (እያንዳንዳቸውን በአንድ ጊዜ አንድ ኮንትሮለር ብቻ የሚይዛቸውን ልዩ ሥራዎች) ያዛውሩለት። ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ አሮጌውን ከዶሜኑ ከማስወጣትዎ በፊት ለጥቂት ቀናት ያጥፉት። እሱን ተደግፎ የነበረ ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ይጮኻል፤ መልሶ መክፈትም ይቻላል። አንዴ ካስወጡት በኋላ ግን መመለሻው ከባድ ነው። ኮምፒውተሮቹ የሚጠይቁት ዲኤንኤስ (የማሽን ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) አሮጌው አድራሻ ላይ ቀርቶ ከሆነም የሚታወቀው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዊንዶውስ ሰርቨር 2025ን ልጫን?

መልስ፦ በቀጥታ አይሆንም። 2025 ዶሜን ኮንትሮለር እንዲሆን የዶሜኑ የአሠራር ደረጃ (ፈንክሽናል ሌቭል) ቢያንስ የ2016 እትም መሆን አለበት፤ 2012 አር2 ኮንትሮለር እያለ ደግሞ ደረጃው ወደዚያ አይወጣም። ለእርስዎ 2022 ይሻላል፤ ድጋፉ እስከ ኦክቶበር 2031 ይዘልቃል። ለ2012 የገዙት የተጠቃሚ ፈቃድ ለ2022 እንደማያገለግል በጀት ሲይዙ ያስቡበት።

ጥያቄ፦ የእኛ ዶሜን በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ላይ የተመሠረተ ነው። አዲሱ ኮንትሮለር አልገባ አለ።

መልስ፦ ሲስቮል (ኮንትሮለሮቹ የሚጋሩት የዶሜኑ ደንቦች ማኅደር) የሚባዛው አሁንም በአሮጌው ዘዴ በኤፍአርኤስ ሳይሆን አይቀርም። ከ2019 ጀምሮ ያሉት ሰርቨሮች አይቀበሉትም። መጀመሪያ ወደ አዲሱ የማባዣ ዘዴ ወደ ዲኤፍኤስአር ያሻግሩት።

ጥያቄ፦ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ምን ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህንን ጥያቄ ቀድመው በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። ማኅደሩን ገልብጦ መውሰድ አይበቃም። ሁሉም ሰው ከፕሮግራሙ ይውጣ፤ በራሱ በፒችትሪ ባክአፕ ይያዝ፤ አዲሱ ሰርቨር ላይ ያው እትም ተጭኖ ይመለስ፤ ከዚያ የሒሳብ ሚዛኑን ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ። መልሰው ከፍተው ያላዩትን ባክአፕ እንዳለዎት አይቁጠሩት። ሥራው በሰኔ መጨረሻ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ እንዳይሆን አጥብቀው ይከራከሩ። ዩፒኤስ የሌለው ሰርቨር ላይም አይጀመር፤ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ የመረጃ ቋቱ ሊበላሽ ይችላል። የቀሩትን ፋይሎች የአይቲ ባለሙያው ስቶሬጅ ማይግሬሽን ሰርቪስ በሚባለው የዊንዶውስ ሰርቨር መሣሪያ፣ ማን ሊከፍታቸው እንደሚችል ከሚወስነው ፈቃዳቸው ጋር ማዛወር ይችላል።

ጥያቄ፦ ቀይረን ጨረስን፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ግን ስካን ያደረገውን ወደ ሰርቨሩ አይልክም።

መልስ፦ ማሽኑ አሮጌ ከሆነ የሚያውቀው ኤስኤምቢ1ን (አሮጌውን የፋይል መጋሪያ ቋንቋ) ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ሰርቨር ላይ ደግሞ እሱ አልተጫነም። እባክዎ ለአንድ ማሽን ብለው አይጫኑት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰራጨው በዚያ በር ነው። የማሽኑን ሶፍትዌር ያድሱ፤ ካልሆነም ስካኑን በኢሜይል እንዲልክ ያስተካክሉት።