የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ጅምናስቲክ ቡድን እንዴት ይሠለጥናል? ጥያቄና መልስ

የውድድር ዘመኑ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ነው። የተላኩት ጥያቄዎች ብዙ ስለነበሩ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የመሣሪያዎቹን ስም በጂም ውስጥ እንደሚጠሩት ቮልት (ሮጦ በጠረጴዛ ላይ መዝለል)፣ ባር (ሁለት አግዳሚ ዘንጎች)፣ ቢም (ጠባቡ የሚዛን አግዳሚ)፣ ፍሎር (የወለል እንቅስቃሴ) እላለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በኦሎምፒክ 14 ምናምን ነጥብ ሲሰጥ እናያለን። ኮሌጅ ላይ ግን 9.875 ይባላል። የቡድኑ ውጤትስ 197 የሚሆነው እንዴት ነው?

ኮሌጆቹ ከ10 የሚቆጠረውን የድሮውን አቆጣጠር ይዘው ቀርተዋል። በእያንዳንዱ መሣሪያ ስድስት ልጆች ይወዳደራሉ፤ የአምስቱ ነጥብ ይደመራል፤ ዝቅተኛው ይጣላል። አራቱ መሣሪያዎች ሲደመሩ የቡድኑ ውጤት የ20 ሩቲኖች (አንዲት ልጅ በአንድ መሣሪያ የምታሳየው ሙሉ ትርዒት) ድምር ነው ማለት ነው። ሁሉም 9.85 ቢያመጡ 197፣ ሁሉም 9.90 ቢያመጡ 198 ይሆናል። ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) በ2024 የኮሌጆቹን ዋንጫ ሲወስድ ያመጣው 198.225 ነው፤ ኦክላሆማ በ2025 ደግሞ 198.0125። በአማካይ ከ9.9 እምብዛም አይዘልም።

አሁን ቅነሳውን እንይ። መውደቅ 0.5 ያስቀንሳል። ስታርፍ ትንሽ ከተራመደች እስከ 0.1፣ ሰፊ እርምጃ ከሆነ 0.2፣ ጉልበት ከታጠፈ እስከ 0.3፣ እግሮች ከተለያዩ እስከ 0.2፣ ፍሎር ላይ ከመስመር ከወጣች 0.1። አንዲት ኮከብ 9.85 ማምጣቷን ትታ 10 ብታመጣ ቡድኑ የሚያገኘው 0.15 ብቻ ነው። ሃያዎቹም ሩቲኖች መጨረሻቸው ላይ አንዳንድ ትንሽ እርምጃ ቢኖራቸው ግን 2 ሙሉ ነጥብ ይሄዳል። 198 የሚያመጣ ቡድን 196 ላይ የሚቀረው እንዲህ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የማረፍ ልምምድ፤ በየቀኑ፣ በሁሉም መሣሪያ።

ጥያቄ፦ ስድስቱን የምትመርጠውና በተርታ የምታሰልፈው በምንድን ነው? ጎበዟን መጀመሪያ ማውጣት አይሻልም?

አይሻልም። መጀመሪያ የምትወጣዋ ልጅ ሥራ ለቡድኑ መሬት ማስያዝ ነው። 9.80 ወይም 9.85 የምታመጣ፣ ግን ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን የማትስት ልጅ ትቀመጥበታለች። በልምምድ ላይ 9.95 የሚሠራላት፣ ግን አንዴ ስታ አንዴ የምትመታ ልጅ እዚያ ቦታ ላይ አደጋ ናት።

የማጣሪያ መንገዱ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዷ ልጅ የሙሉ ሩቲን ሙከራዎቿ ይጻፉ፦ መታች፣ ሳተች፣ ምን ላይ ሳተች። «መታች» የሚባለው ሳትወድቅና ከባድ ስህተት ሳትሠራ ስትጨርስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ለብቻው ይመዝገብ፤ በውድድር ሁለተኛ ሙከራ የለምና። ሦስት ጊዜ ሞክራ በሦስተኛው የምትመታ ልጅ አሰልጣኙን ታታልላለች። እሱም የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው።

ሁለት የሚዋዥቁ ልጆችን አከታትለህ አታስወጣ። የመጀመሪያዋ ከወደቀች ነጥቧ ሊጣል ይችላል፤ ሁለተኛዋም ከወደቀች አንዱ መውደቅ ይቆጠራል፣ ግማሽ ነጥብ ሄደ። በመካከላቸው ልቧ የማይናወጥ ልጅ አስገባ። አምስተኛውና ስድስተኛው ቦታ የከፍተኛ ነጥብ ቦታ ነው። ዳኞች በሕጉ እያንዳንዷን ለብቻ መመዘን አለባቸው፤ ያም ሆኖ ነጥብ ወደ መጨረሻው ከፍ የማለት ዝንባሌ አለው።

ጥያቄ፦ ቮልት ላይ አንድ ሙሉ ዙር የሚጠመዘዘው ዩርቼንኮ (ጠረጴዛው ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ የሚገባበት ዝላይ) ከ9.95 ይጀምራል፣ አንድ ተኩል የሚጠመዘዘው ከ10። ሁሉንም ወደ አንድ ተኩል ማሸጋገር አለብን?

ሂሳቡን ሥራው። የመነሻው ልዩነት 0.05 ነው (እስከ 2015 የውድድር ዘመን ሙሉ ዙሩም ከ10 ይጀምር ነበር፤ በ2016 ወደ 9.95 ወረደ)። አንድ ትንሽ እርምጃ 0.1 ያስቀንሳል። ልጅቱ ሙሉ ዙሩን ተተክላ የምታርፍ፣ በአንድ ተኩሉ ግን ከሁለት አንዴ የምትራመድ ከሆነ ጥቅሙ ዜሮ ነው። ከአሥር አንዴ የምትወድቅ ከሆነም ዜሮ ነው፤ 0.5 ለአሥር ሲካፈል 0.05 ነውና።

በአንድ ተኩል ላይ ማረፍ የሚከብደው መሬቱን ስለማታየው ነው። በሙሉ ዙር ፊቷን ወደ ጠረጴዛው አድርጋ ታርፋለች፤ ወለሉን ቀድማ ታየዋለች። በአንድ ተኩል ጀርባዋን ለጠረጴዛው ሰጥታ ታርፋለችና ሰውነቷ ወደ ፊት ይገፋል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ማረፊያው ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው፦ እጇ ጠረጴዛው ላይ ሳለ መጠምዘዝ ትጀምራለች። ያኔ ትከሻዋ አይገፋም፤ ከፍታ ታጣለች፤ ጥምዘዛው ሳያልቅ መሬት ይደርሳል። ቪዲዮውን ከጎን ቅረጽና እጇ ጠረጴዛውን በለቀቀበት ቅጽበት አቁመው። ዳሌዋ ዞሮ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። መፍትሔው ወደ ቀላሉ ዩርቼንኮ፣ ያለ ጥምዘዛው መመለስ ነው፤ ደረት ቀጥ፣ መጀመሪያ ወደ ላይ መውጣት፣ ከዚያ መጠምዘዝ። ስፖንጅ በተሞላው የልምምድ ጉድጓድ ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ የተሳካላት ልጅ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ይሳካላታል ማለት አይደለም፤ ስፖንጅ እርምጃን አያሳይም።

ኦክላሆማ በ2022ና በ2023 አሸንፎ በ2024 ለሦስተኛ ተከታታይ ዋንጫ ሲመጣ በግማሽ ፍጻሜ በቮልት ጀመረ፤ ከአንድ በላይ ወደቁበት፤ ፍጻሜ ሳይደርስ ቀረ። አገሪቱን ሲመራ የከረመ ቡድን ነበር።

ጥያቄ፦ ቢም ላይ አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹም ይከተሏታል። ለምን?

ቢሙ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 125 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነው። የሚወድቁት በአብዛኛው ወደ ኋላ የሚገለበጡበት ተከታታይ እንቅስቃሴ ላይ ነው፦ በእጅ መገልበጥ፣ ወዲያው ያለ እጅ መገልበጥ። የፈራች ልጅ የመጀመሪያውን ታሳጥራለች። ትከሻዋን ቀድማ ትጥላለች፤ አንዱ ዳሌ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እግሯ ከመስመሩ 3 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ሁለተኛው ግልበጣ ላይ ያ 3 ሳንቲ ሜትር ይባዛል። አሰልጣኙ ሁለተኛውን ያርማል፤ ስህተቱ ግን የመጀመሪያው ላይ ነው። ካሜራህን በቢሙ ጫፍ፣ ፊት ለፊት አስቀምጥ፤ ከጎን ይህ አይታይም።

ሌላው ምክንያት ፍጥነት ነው። ጓደኛዋ ከወደቀች በኋላ የምትወጣው ልጅ ትቸኩላለች። ለሩቲን የተፈቀደው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ የልምምድ ሩቲኗ 1፡20 የሚወስድ ልጅ በውድድር 1፡12 ከጨረሰች ትንፋሿን የምትወስድባቸውን ቦታዎች ዘልላለች። ቦታዎቹን ቀድመህ ከእሷ ጋር ወስን፦ ከግልበጣው በፊት አንድ ትንፋሽ፣ ከዙሩ በፊት አንድ፣ ከመውረጃው በፊት አንድ። በልምምድም «ከመውደቅ በኋላ» የሚባለውን አለማምድ፤ አንዷን ሆን ብለህ ከቢሙ አስወርድና ቀጣይዋ ወዲያው ትውጣ።

ጥያቄ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ይለማመዳሉ?

የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤንሲኤኤ፣ በውድድር ዘመን የሚፈቅደው በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን ቢበዛ 4 ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ግዴታ ነው። የውድድር ቀን ምንም ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ይቆጠራል። ዓርብ ውድድር ካለ 17 ሰዓት ይቀርሃል።

ጥሩ አከፋፈል፦ ቅዳሜ ቀላል እንቅስቃሴና ሕክምና፣ እሁድ ዕረፍት፣ ሰኞ መሠረታዊ ልምምድና የተበላሹ ክፍሎች፣ ማክሰኞ ባርና ቢም በሙሉ ሩቲን፣ ረቡዕ ቮልትና ፍሎር በጠንካራ ማረፊያ፣ ሐሙስ አጭር። ቢም እግርን ያን ያህል ስለማይጎዳ ሙሉ ሩቲን ደጋግሞ መሥራት ይቻላል። የፍሎር ሙሉ ሩቲን ግን በሳምንት ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጥ። የተረከዝ ጅማት በአብዛኛው የሚበጠሰው ፍሎርና ቮልት ላይ ለመዝለል ስትነሣ ነው፤ ከተበጠሰ የዓመቱ ውድድር አበቃ። ጠዋት ተረከዟ የሚደርቅባትን ልጅ የዚያን ቀን ከመዝለል አውጣትና የባት ጡንቻ ልምምድ ስጣት።

ጥያቄ፦ በዓመቱ መጨረሻ ማን እንደሚያልፍ በምን ይወሰናል?

ቡድኑ በውድድር ዘመኑ ካመጣቸው ውጤቶች የተሻሉት ስድስት ይወሰዳሉ፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱ ከሜዳ ውጭ የተገኙ መሆን አለባቸው። ከስድስቱ ከፍተኛው ይጣላና የአምስቱ አማካይ ይወሰዳል። በሜዳቸው ብቻ የሚያበሩ ቡድኖች እዚህ ይጋለጣሉ። ፌብሯሪ ላይ ሩቅ መጓዝን አትሽሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮሌጅ ውስጥ ጅምናስት ናት፤ ዓቢይ ጾምን ትጾማለች። አሰልጣኟ ተጨንቋል። እኔም እናቷ ነኝ፣ ልቤ ተከፍሏል።

እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ጾሙ 55 ቀን ነው፣ የሚውለውም ልክ በውድድሩ መካከል። ሁለቱን ነገሮች ለዩአቸው። የምግቡን ዓይነት ማስተካከል ይቻላል፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ቶፉ፣ ኦቾሎኒ በእያንዳንዱ ማዕድ፤ ቢ12 በእንክብል። ብረት ለማግኘት ምስሩን ከቲማቲም፣ ከቃሪያ ወይም ከሎሚ ጋር ትብላ፤ ሻይና ቡና ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቁ፣ ብረቱን ይይዙታልና። የሚከብደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ ጠዋት መለማመዷ ነው። ባዶ ሆድ ቢም ላይ መውጣት አደገኛ ነው። ከንስሐ አባቷና ከቡድኑ የምግብ ባለሙያ ጋር ራሷ ትነጋገር፤ አሰልጣኙም ልምምዷን ወደ ከሰዓት ማዞር ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የፌሪቲን (የብረት ክምችት) እና የቫይታሚን ዲ ምርመራ ያሠሩላት።

የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ፣ ጾምም ቢሆን ፍስክ፣ ሐኪም ያስፈልጋል። ሰውነቷ ከሚያወጣው ያነሰ እየገባለት ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ የቅልጥምና የእግር አጥንት ስንጥቅ ከዚያ ይከተላል። አሰልጣኝ ልጆችን በጂም ውስጥ ሚዛን ላይ ማቆም የለበትም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነን፤ ልጃችን 10ኛ ክፍል ናት፣ በክለብ ደረጃዎች ከፍተኛው በሆነው ሌቭል 10 ትወዳደራለች። አሰልጣኞች ለምን አይመልሱላትም?

እስከ 10ኛ ክፍል ማብቂያ፣ ማለትም እስከ ጁን 15፣ በቀጥታ እንዳያነጋግሯት ሕጉ ይከለክላል። ይፋዊ ጉብኝት ከ11ኛ ክፍል በፊት ካለው ኦገስት 1 ጀምሮ ነው። እስከዚያ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ላኩ፤ ማረፊያው መታየት አለበት። ትምህርቷንም ጠብቁ፦ ለዲቪዥን አንድ (ለከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት እርከን) 16 ዋና ዋና ኮርሶችና ቢያንስ 2.3 አማካይ ያስፈልጋል። ኮሌጁን ስትጎበኙ ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል ሰው የሚያየው ቦታ መሆኑንና ልጆች ከአሰልጣኝ ወይም ከሐኪም ጋር ብቻቸውን እንደማይቀሩ ጠይቁ። በሕክምና ስም ጅምናስቶችን በወሲብ ባጠቃው የቡድን ሐኪም በላሪ ናሳር ላይ በ2018 ፍርድ ቤት ቀርበው የመሰከሩት ከ150 በላይ ናቸው። ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ ፊቱ የሚለዋወጥ አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ጅምናስት ሆኖ የማያውቅ ሰው አሰልጣኝ መሆን ይችላል?

ቫለሪ ኮንዶስ ፊልድ የባሌ ዳንሰኛ ነበረች፤ የካሊፎርኒያውን ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤን በዋና አሰልጣኝነት ለሰባት ዋንጫ አብቅታለች። ግን ባርና ቮልት የሚያውቁ ረዳቶች ነበሯት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ቢምም ጉድጓድም የለንም። ከዚህ ምን ልውሰድ?

ማረፍን ውሰድ። ወለሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ይቀባ፤ የቢሙ እንቅስቃሴ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሠራ። ለማረፍ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠንካራ ሣጥን ወደ ፍራሽ መዝለል፦ እግር በዳሌ ስፋት፣ ጉልበት በጣቶች አቅጣጫ፣ ደረት ቀና፣ ከነካች በኋላ ሦስት ሰከንድ ሳትንቀሳቀስ። በልምምድ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ይበቃል። ጉልበቷ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ልጅ ካለች ከፍታውን አትጨምር፤ መጀመሪያ የዳሌ ጡንቻዋን አጠናክር። ፍራሹ ወለሉ ላይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ላስቲክ አንጥፍ።