የመጀመሪያውን አቤቱታ ስትጽፉ

ውድ ልጆቼ፣

በጥብቅና ሙያ ስኖር ከሁሉ አብልጬ የማከብረው አንድ መብት አለ፤ ተራ ዜጋ ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱ በሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደጃፍ መቆም መቻሉ። ይህ በየአገሩ የተሰጠ መብት አይደለም። በኢጣሊያ አንድ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ወይ የሚለውን ጥያቄ ወደዚህ ፍርድ ቤት የሚልከው ጉዳዩን የያዘው ዳኛ ነው። በፈረንሳይ እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ ዜጋው ሥራ ላይ የዋለን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ በሕገ መንግሥታዊ ምክር ቤቱ በኩል ማሳረም አይችልም ነበር፤ ዛሬም ጥያቄው የሚያልፈው በከፍተኛዎቹ ፍርድ ቤቶች ተጣርቶ ነው። በጀርመን ግን ከእ.ኤ.አ. 1951 ጀምሮ ማንም ሰው ያለ ጠበቃና ያለ ዳኝነት ክፍያ አቤቱታውን ጽፎ መላክ ይችላል። የኮሎምቢያው "ቱቴላ" የተባለው የመሠረታዊ መብቶች ማስከበሪያ አቤቱታ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል፦ በእ.ኤ.አ. 1991 ሕገ መንግሥት መሠረት ዜጋው ለዳኛ ያመለክታል፣ ዳኛው በ10 ቀን ውስጥ ይወስናል፣ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱም ከውሳኔዎቹ መርጦ ይመረምራል።

በሩ ክፍት ነው ማለት ግን የገባ ሁሉ ይረታል ማለት አይደለም። በጀርመን ከሚቀርቡት አቤቱታዎች የሚሳካላቸው ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። አንዳንዶቹም የሚወድቁት ወደ ላይ ከመድረሳቸው በፊት፣ ከታች በተሠራ ስህተት ነው።

ይህን የተማርኩት በባለጉዳዬ ኪሳራ ነው። አንዲት እናት ሳይጠየቁና ሳይሰሙ አበል ተቋረጠባቸው። እኔ ወጣት ነበርኩ፤ በየችሎቱ የተከራከርኩት በሒሳቡ ላይ ብቻ ነው። የመሰማት መብታቸው መጣሱን ያነሳሁት ይግባኙ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ለመጨረሻው ፍርድ ቤት ስጽፍ ነው። መልሱ አንድ ገጽ ነበር፦ ነጥቡ በበታች ፍርድ ቤቶች አልተነሳም። እናትየዋ ወረቀቱን አራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ "ታዲያ ያኔ ለምን አላልክልኝም፣ ልጄ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ መብቱን በስሙ ጥሩት፣ ከመጀመሪያው አቤቱታ ጀምሮ። አንቀጹን ጥቀሱ፤ ዳኛው ቢያልፈው እንኳ በመዝገቡ ላይ ይቀመጥ። በየደረጃው ድገሙት። አቤቱታው የሚቀርብበትን ቀነ ገደብም አትርሱ፤ የጀርመኑ አንድ ወር፣ የቱርኩ 30 ቀን ማንንም አይጠብቅም። የውሳኔው ግልባጭ እጃችሁ በገባ ዕለት የደረሰበትን ቀን በመዝገቡ ሽፋን ላይ ጻፉ፤ ለባለጉዳዩም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።