ልጄ የቀረው በችሎታ ማነስ ነው ወይስ በአድልዎ?

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ 13 ዓመት የሞላው ልጄ በሰፈራችን ለታዳጊዎች እግር ኳስ ፕሮጀክት በተደረገ ምልመላ ሳይመረጥ ቀረ። ምልመላው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ ያለቀ ሲሆን፣ ከተመረጡት መካከል የአሰልጣኙ የእህት ልጅ እና ለቡድኑ ማሊያ ያሰፉት ነጋዴ ልጅ ይገኙበታል። ልጄ ታኬታውን ከአልጋ ሥር ወርውሮ ኳስ አልነካም ብሏል። ባለቤቴ አሰልጣኙን የሚያውቅ ሰው ፈልገን እናስነግርለት ይላል። ምን ይመክሩናል?
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የልጅዎ ማኩረፍ እኛንም አሳዝኖናል። ስለ ዝምድናው ከመናገራችን በፊት ግን እግረ መንገድዎን የጠቀሱትን የልደት ወር እናንሣ። በዓለም አቀፉ እግር ኳስ የታዳጊዎች ዕድሜ የሚቆጠረው ከአውሮፓውያን ዓመት መግቢያ፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮ ነው። ይህን በሚከተል ቡድን ውስጥ ጥር ላይ የተወለደ ልጅ ከታላላቆቹ፣ በቀጣዩ ኅዳር የተወለደው ደግሞ ከታናናሾቹ ይመደባል። በ13 ዓመት ዕድሜ የአሥር ወር ልዩነት ማለት፣ ድምፁ የጎረነነ ትከሻው የሰፋ ልጅ ገና ካልጎረመሰ ልጅ ጋር ለአንድ ኳስ ሲጋፋ ማለት ነው። በካናዳ ሮጀር ባርንስሊ እና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በበረዶ ሆኪ ቡድኖች ውስጥ በአውሮፓውያን ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች እጅግ እንደሚበዙ አሳይተዋል፤ በእግር ኳስም ይኸው ተደጋግሞ ታይቷል። ዕድሜ መቀነስ ሲጨመርበት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ፊፋ በ2009 እ.ኤ.አ. ከ17 ዓመት በታች በነበረው የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ፣ የአጥንቱን ዕድገት በሚያሳየው የኤምአርአይ ምርመራ ማስመርመር የጀመረው ለዚሁ ነው።

ይህ ሲባል ቅሬታዎ መሠረት የለውም ማለታችን አይደለም። የእህት ልጅ መመረጡ ብቻውን አድልዎን አያስረዳም፣ ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላልና፤ ነገር ግን ዘመዱ የሚወዳደርበት አሰልጣኝ ብቻውን መራጭ ሊሆን አይገባውም። ማሊያ ማሰፋትም የሚያስመሰግን ሥራ ነው፣ የቋሚ ተሰላፊነት ዋጋ ግን ሊሆን አይችልም። በአንድ ሜዳ ያየነው ምልመላ እንዲህ ነበር፦ በልጆቹ ጀርባ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ፣ አራት ለአራት ሲጫወቱ ከሌላ ሰፈር የመጡ ሁለት አሰልጣኞች፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቁ፣ በሦስት ቅዳሜዎች ነጥብ መዘገቡ።

የባለቤትዎን ሐሳብ ግን እባክዎ ይተዉት። በሰው አስነግራችሁ ልጃችሁ ቢገባ፣ እናንተን ያስከፋችሁ ነገር በሌላ እናት ልጅ ላይ ይደርሳል። ይልቁንም ልጁ በሌለበት፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ አሰልጣኙን ራሳችሁ አነጋግሩ፤ መመዘኛው ምን እንደነበር፣ ልጁ ምን እንደጎደለው፣ ቀጣዩ ምልመላ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ ሁለተኛ መራጭ እንዲጨመር ማሳሰብ፣ መልስ ካጣችሁም ጉዳዩን በጽሑፍ ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ትችላላችሁ። ለልጅዎም የልደት ወሩን ነገር ወረቀት ላይ እያሰሉ ያሳዩት፤ እስከ ቀጣዩ ምልመላም በሰፈር ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት።