ቮድካ በግሬፕፍሩት ለደም ግፊት ታካሚ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 48 ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለደም ግፊት ኒፈዲፒን እወስዳለሁ። ቅዳሜ የልጄ ምረቃ ስለሆነ ቮድካ በግሬፕፍሩት ጭማቂ፣ ግሬይሀውንድ የሚባለውን፣ ቤት ልሠራ አስቤያለሁ። ስንት በስንት ነው የሚቀላቀለው? የክኒኑ ዕቃ ላይ ግን ግሬፕፍሩት እንዳልወስድ ተጽፏል። ስጠጣ ሁልጊዜ እንደማደርገው የዚያን ቀን ክኒኑን ብተወው ይበቃል? ባለፈው ክኒኑን ውጬ ስጠጣ፣ ከወንበር ስነሳ አዞረኝ። አባቴ ያረፉት በስትሮክ ነው።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ልኬቱን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አባትዎ የጻፉት ላይ ልቁም፤ የጭንቀትዎ ምንጭ እሱ ይመስለኛል።

ሲነሱ መጥቶ ሲቀመጡ የሚለቅ ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ግፊት ድንገት ዝቅ ከማለቱ ነው። ኒፈዲፒን ደም ሥርን ያሰፋል። አልኮልም ለተወሰነ ሰዓት ያሰፋል። ሁለቱ ሲደረቡ እንዲህ ያደርጋል። የጻፉልኝ ነገር ስትሮክ አይመስልም። አባትዎ በስትሮክ ስላረፉ የእርስዎም መጨረሻ እሱ ነው ማለት አይደለም። ስትሮክን ከሚያመጡት ነገሮች ዋናው የደም ግፊት ነው፤ እሱን ደግሞ መቆጣጠር ይቻላል።

አሁን ግን ልቆጣዎት ነው። «ስጠጣ ሁልጊዜ እንደማደርገው» ብለዋል። መድኃኒትና መጠጥ አይስማሙም ተብሎ ሁልጊዜ የሚቀረው ለምንድን ነው መድኃኒቱ የሚሆነው? መቅረት ካለበትማ መጠጡ ይቅር! የእኛን ድግስ ደግሞ እናውቀዋለን። ምረቃ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ፋሲካ አለ፤ በየመሐሉ እራት ግብዣ አለ። በየድግሱ ክኒን የሚተው ሰው በዓመት ስንት ቀን ያለ መድኃኒት እንደሚያድር ይቁጠሩት። በዚያ ላይ ብዙ መጠጣት ራሱ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ክኒኑ በጣም የሚያስፈልግበትን ቀን መርጦ መተው ማለት ነው። «ምንም አልተሰማኝም» እንዳይሉኝ። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ሳይሰማ ነው። የተዉትን ለማካካስ በማግስቱ ሁለት መዋጥም የለም። እባክዎን ይህን ልማድ ዛሬውኑ ያቁሙ።

ደግሞም ክኒኑን ቢተዉት የግሬፕፍሩቱ ችግር አይፈታም። ይህ ነገር የታወቀበት መንገድ ራሱ ከእርስዎ ብርጭቆ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ዴቪድ ቤይሊ የሚባሉ ተመራማሪ፣ አልኮል ፌሎዲፒን ከሚባለው የግፊት መድኃኒት ጋር ምን እንደሚያደርግ ይመረምሩ ነበር። ፌሎዲፒን የኒፈዲፒን የቅርብ ዘመድ ነው። የአልኮሉ ጣዕም እንዳይለይ በግሬፕፍሩት ጭማቂ ቀላቀሉት። በተሳታፊዎቹ ደም ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ግን ከተጠበቀው እጅግ የበለጠ ሆነ። ሲጣራ ምክንያቱ ጭማቂው ነው። ግሬፕፍሩት አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ሰውነት አዲስ እስኪሠራ እስከ 3 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን ጠዋት፣ ጭማቂውን ማታ ማድረግም አያዋጣም። ቅዳሜ ጠጥተው እሑድ የሚውጡት ክኒን ከመጠኑ በላይ ሊሠራብዎት ይችላል።

ለእርስዎ ግሬፕፍሩት አይሆንም። ተራው ጣፋጭ ብርቱካን ግን ይህ ችግር የለበትም። አንድ የአሜሪካ መለኪያ ቮድካ፣ 45 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ በረዶ የሞላው ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉ። 120 ሚሊ ሊትር ትኩስ የብርቱካን ጭማቂ ይጨምሩበት፣ ትንሽ ሎሚ ይጭመቁበት። ስክሩድራይቨር የሚባለው ይኸው ነው። በእጅ ግምት አይቅዱ፤ ጭማቂው የቮድካውን ብዛት ይሸፍነዋል። የብርጭቆውን አፍ ጨው መቀባት ይቅርብዎት። ምግብ በልተው ይጠጡ፣ ከአንድ አይለፉ፣ ከመቀመጫዎ ቀስ ብለው ይነሱ። እንግዶችዎ ግሬፕፍሩት ከፈለጉ በዚሁ ልክ ይቅዱላቸው። ከእነሱም መካከል የግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ አይጠፋምና ሳይጠይቁ አይቅዱ።

ስለ ስትሮክ ቤተሰብዎ ሁሉ እንዲያውቀው የምፈልገው ነገር አለ። ድግስ ላይ ስትሮክ ስካር ይመስላል። ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይንገዳገዳል። «ሞቅ ብሏት ነው፣ ትተኛ» ይባላል። ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ወይም ንግግር ድንገት ከተበላሸ አያስተኙ፤ ወዲያው 911 ይደውሉ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትም ይያዙ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ከቅዳሜ በፊት ፋርማሲዎ ደውለው የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይንገሯቸው። ማዞሩ ሳይጠጡም ከተመለሰ ግፊትዎን ተቀምጠውም ቆመውም ይለኩና ጽፈው ለሐኪምዎ ይውሰዱ። መጠኑን የሚቀንሱት ወይም የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው።